አክሱምና የሐን በአንድ ቀን፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የራስዎን መኪናና አስጎብኚ ይዘው አክሱምንና የሐን በአንድ ቀን ማየት ይቻላል። ይበቃል አላልኩም፣ ይቻላል። ዘመድና እንግዳ ይዤ ደጋግሜ ስመላለስ እንዳየሁት፣ ቀኑን የሚያበላሸው የመንገዱ ርዝመት ሳይሆን የጉብኝቱ ቅደም ተከተል ነው።

ከሐውልቶቹ መጀመር

ሁሉም ሰው እንዲህ ያደርጋል፤ ለሆቴሉ ቅርብ ናቸው፣ ፎቶውም እዚያ ነው። እኔ ግን እንግዶቼን በጠዋት ቀስቅሼ በአድዋ በኩል 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነድተን መጀመሪያ የሐ እንገባለን። የየሐ ቤተ መቅደስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ፣ አልመቃህ ለተባለው የጥንት አምላክ የተሠራ ነው። ጣሪያ የለውም። ግድግዳው ግን እስከ 14 ሜትር ቆሟል፤ ድንጋዮቹም ያለ ጭቃና ያለ ኖራ እርስ በርስ ተጋጥመዋል። አብዛኛው ሰው እሱን አይቶ መኪናው ውስጥ ይገባል። እዚያው አጠገብ ያለውን ግራት በዓል ገብሪ የሚባለውን የቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ግን እንዳይዘሉት፤ ዛሬ ብዙም የማያምር የድንጋይ ክምር ቢመስልም በዘመኑ በእንጨትና በድንጋይ የተዋቀረ ትልቅ ሕንፃ ነበር።

ይህን የእንጨትና የድንጋይ አሠራር በልብዎ ይያዙት። ከሰዓት በኋላ ከሐውልቶቹ ፊት ሲቆሙ በየፎቁ የተደረደሩት ክብ ክብ ጉጦች ምን እንደሆኑ ይገባዎታል። «የዝንጀሮ ራስ» ይባላሉ፤ ከግድግዳ ወጣ ብሎ የሚታየውን የአግዳሚ እንጨት ጫፍ በድንጋይ አስመስለው የቀረጹት ነው። (በእንጨት የተሠራውን ለማየት ደብረ ዳሞ መውጣት አለ፤ እሱ ግን የዛሬ ጉዳይ አይደለም፣ ለወንዶች ብቻም ነው።) ሐውልቱ እንግዲህ በመቃብር ላይ የቆመ የድንጋይ ቤተ መንግሥት ነው፤ ፎቅ አለው፣ መስኮት አለው፣ ከግርጌው መቆለፊያው ሳይቀር የተቀረጸለት በር አለው። ቤተ መንግሥቱን ሳያዩ ሐውልቱን ያየ ሰው ረጅም ድንጋይ አየ።

ቀና ብሎ ብቻ ማየት

በ1929 ዓ.ም. ጣሊያኖች ወደ ሮም ወስደውት በ1997 ዓ.ም. የተመለሰውን፣ በ2000 ዓ.ም. ዳግም የተተከለውን 24 ሜትር ሐውልት ሁሉም ይፈልገዋል። አጠገቡ ተሰባብሮ የተኛው 33 ሜትሩ ነው፤ ሲወድቅ ንፋስ ማውጫ የሚባለውን መቃብር ግዙፍ ክዳን ድንጋይ መትቶታል። ይህ ግቢ መካነ መቃብር ነውና ቁም ነገሩ ከእግርዎ ሥር ነው። ከወደቀው ሐውልት አጠገብ ግራና ቀኝ አሥር ክፍሎች ያሉት የምድር ውስጥ መቃብር አለ። ትንሽ ራቅ ብሎ ደግሞ የሐሰት በር መቃብር የሚሉት ይገኛል። አክስቴን ይዤ የሄድኩ ጊዜ ከአንድ ድንጋይ የተጠረበውን በር ቀረብ ብላ በጣቷ አንኳኳችው። «የሚከፍት የለም እንዴ?» አለችኝ። እውነተኛው መግቢያ ከበሩ ፊት ለፊት ወደ ታች የሚወርደው ደረጃ ነው። ውስጡ የድንጋይ ሣጥን አለ፣ ባዶውን፤ ዘራፊ ከእኛ በፊት ደርሷል።

ባትሪ ሳይዙ መሄድ

የአፄ ካሌብና የልጃቸው የአፄ ገብረ መስቀል መቃብሮች ከከተማው 2 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብለው ኮረብታ ላይ ናቸው፤ ውስጣቸው ጨለማ ነው። ስልክ ይበቃል የሚል ሰው እዚያ ሲደርስ ስልኩ ዘግቷል። በገብረ መስቀል በኩል መስቀል የተቀረጸበትን የድንጋይ ሣጥን በደንብ አብርተው ይዩት። በመንገድዎ ላይ የንጉሥ ኢዛና ጽሑፍ በግዕዝ፣ በሳባና በግሪክ የተቀረጸበት ድንጋይ በአንዲት ትንሽ ጎጆ ውስጥ አለ። ያነሳውን ሰው የሚረግም ቃል ስላለበት እዚያው ነው ያለው።

ለስሙ ሲሉ መጣላት

ዱንጉር በሕዝቡ ዘንድ የንግሥተ ሳባ ቤተ መንግሥት ይባላል። አርኪኦሎጂስቶች ግን ፍርስራሹን ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ6ኛውና በ7ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ ያደርጉታል፤ ንግሥቲቱና ሰሎሞን ከነበሩበት ዘመን ከ1500 ዓመት በላይ ይርቃል። አንዱ እንግዳዬ በዚህ ምክንያት ከአስጎብኚው ጋር ግማሽ ሰዓት ተከራክሮ ክፍሎቹን ሳያይ ወጣ። እኔ አፈ ታሪኩንም ቁፋሮውንም ለየብቻ መስማት ነው የምወደው።

ሳንቲም መግዛት

«የጥንት ሳንቲም» የያዘ ልጅ ይመጣል። ሐሰተኛ ከሆነ ተታለሉ፤ እውነተኛ ከሆነ ደግሞ ቅርስ ነውና ከአገር ማውጣት ወንጀል ነው። አይግዙ።

ጽዮንን ሳይዘጋጁ መድረስ

አፄ ፋሲል ወዳሠሩት አሮጌው ቤተ ክርስቲያን ሴቶች አይገቡም፤ አፄ ኃይለ ሥላሴ ያሠሩት አዲሱ ለሁሉም ነው። ታቦተ ጽዮን አለበት ወደሚባለው ቤት ከጠባቂው መነኩሴ በቀር ማንም አይገባም፤ «አንድ ጊዜ ልይ» ብሎ መለመን ትርፉ ትዝብት ነው። ነጠላ ይያዙ።

ስልክ ሳይደውሉ መነሳት

ከትግራዩ ጦርነት ወዲህ ትናንት የሰሙት ለዛሬ ላይሠራ ይችላል። የመንገዱን ሁኔታና የትኛው ቦታ ክፍት እንደሆነ እዚያው ያለ ሰው ይጠይቁ። ከሹፌሩ ጋር ሲዋዋሉም ነዳጁና የየሐ የመግቢያ ክፍያ የማን እንደሆነ አስቀድመው ይነጋገሩ፤ ሰዓቱንም እንዲሁ። ከአሜሪካ የመጣው የአጎቴ ልጅ ሹፌሩን «ነገ 8 ሰዓት ና» ብሎ ቀጥሮ፣ ጠዋት ታጥቦና ለብሶ በር ላይ ቆመ። ሹፌሩም በቃሉ መሠረት ምሳውን በልቶ በ8 ሰዓት መጣ። ያን ቀን የሐን አላየንም።