"ጊንጧ ያለ ወንድ ወለደች" ከማለታችሁ በፊት

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ጊንጥ ቤቱ የሚያቆይ አንዱ ልጅ ከደሴ ደወለልኝ። ድምፁ በደስታ እየተንቀጠቀጠ "ጋሼ ወለደች፣ ወንድ የሚባል አጠገቧ ሳይደርስ ብቻዋን ወለደች!" አለኝ። መቼ ነው የያዝካት? "ጥቅምት ላይ፣ ባቲ መንገድ፣ ከደጋን አለፍ ብሎ ድንጋይ ስር።" ስትይዛት ትልቅ ነበረች? "አዎ ትልቅ ናት፣ ሆዷም ሞላ ያለ ነበር።" እኔ ዝም አልኩ። ይሄን ታሪክ ስሰማ ስንተኛዬ እንደሆነ አላውቅም፣ ቦታውና ወሩ ብቻ ነው የሚቀያየረው።

ስለዚህ አንዴ በደንብ ልጻፈው። ትልቅ ሆና ከሜዳ የተያዘች ሴት ጊንጥ ያለ ወንድ ለመውለዷ ማስረጃ አትሆንም። አንድ ወር ብቻዋን ብትቀመጥ፣ ስድስት ወር ብትቀመጥ፣ ዓመት ብትቀመጥም አትሆንም። የጊንጥ እርግዝና እንደ ዶሮ እቅፍ በሳምንት የሚቆጠር አይደለም፣ ብዙ ወር ነው፣ ትልልቆቹ ጥቋቁሮች ጋ ዓመት የሚያልፍም አለ። ይሄ ብቻ ቢሆን እሺ። ብዙዎቹ የወንዱን ዘር ሆዳቸው ውስጥ አስቀምጠው ያቆዩታል፣ አንዴ ተገናኝተው ሁለት ሦስት ጊዜ በተለያየ ጊዜ የሚወልዱ አሉ። ማለትም ቤታችሁ መጥታ አንዴ ወልዳ፣ ልጆቿን ለይታችሁ፣ ብቻዋን አስቀምጣችሁ፣ እንደገና ብትወልድ እንኳን ሁለተኛው ወሊድ ምንም አያረጋግጥም። ሰው "የመጀመሪያው እርግዝና ይዛ መጥታ ሊሆን ይችላል፣ ሁለተኛው ግን የራሷ ነው" ይለኛል። አይደለም፣ ሁለተኛውም ከዛው ድንጋይ ስር የመጣ ሊሆን ይችላል።

እኔም ሰርቼዋለሁ። 2009 ላይ የመጀመሪያዋን ጊንጤን ከባቲ በታች አምጥቼ ኮምቦልቻ ቤቴ አስቀመጥኳት፣ በሰባተኛው ወር 22 ልጅ ወለደች። ሌሊት ነበር፣ ጠዋት ክዳኑን ስከፍተው ጀርባዋ ላይ እንደተቀቀለ ሩዝ ነጭ ነጭ ሆነው ተደራርበዋል፣ እግራቸው ገና ልስልስ ነው፣ አንዷ ወድቃ የእናቷን እግር ይዛ ልትወጣ ስትታገል ቆሜ አየኋት። ለማውቀው ሰው ሁሉ ያለ ወንድ ወለደች ብዬ አወራሁ። አንድ የባዮሎጂ መምህር ብቻ "ልጆቹ በሙሉ ሴት ናቸው?" ብሎ ጠየቀኝ። አላየሁም ነበር። ካደጉት 9 ውስጥ 4ቱ ወንድ ሆነው ተገኙ። ያለ ወንድ የሚወልዱት ጊንጦች የሚወልዱት በተለምዶ ሴት ነው፣ ሴቷም ስታድግ ሴት ትወልዳለች። ግማሹ ወንድ ከሆነ እናትየው ሜዳ ላይ ከወንድ ጋር ነበረች ማለት ነው።

ትክክለኛው መንገድ ረጅም ነው። ከትልቋ ሳይሆን ከልጅቷ ነው የሚጀመረው። ልጆቹ የመጀመሪያ ቆዳቸውን ጀርባዋ ላይ ጥለው በራሳቸው ሲወርዱ እያንዳንዷን ለብቻ ዕቃ ታስገባላችሁ፣ ቁጥር በፕላስተር ትለጥፋላችሁ፣ ከዛ 5 ወይ 6 ጊዜ ቆዳ እስክትጥል ትጠብቃላችሁ። ዓመት ይፈጃል፣ ከዛም በላይ። ያቺ ከእናቷ ጀርባ ከወረደች ጀምሮ ሌላ ጊንጥ ያላየች ልጅ አድጋ ከወለደች፣ ያኔ ደውሉልኝ፣ ሌሊትም ቢሆን አነሳለሁ።

"እህትማማቾች ናቸው፣ ትንሽ ይቆዩ" ብሎ አንድ ላይ መተው ሌላው ነው። መጀመሪያ ይበላላሉ። ሁለተኛ ከመሃል ወንድ ካለ ቀድሞ ደርሶ እህቱን ሊያገኛት ይችላል፣ ስራችሁ ሁሉ ገደል ገባ።

ፆታ መለየት ላይ ደግሞ ሰው በግምት ነው የሚሄደው። "ወፍራም ስለሆነች ሴት ናት" አይባልም። ጊንጥን ገልብጣችሁ ሆዷን ስታዩ ከኋለኞቹ እግሮች መሃል ሁለት ማበጠሪያ የሚመስሉ ነገሮች አሉ፣ በብዙ ዝርያ የወንዱ ይረዝማል፣ ጥርሱም ይበዛል። ግን ህያው ጊንጥ እየገለበጣችሁ ጥርስ ለመቁጠር አትሞክሩ። የጣለችውን ቆዳ ተጠቀሙ! ቆዳው ላይ ማበጠሪያው ከነጥርሱ ቁጭ ብሎ ይቀራል። እኔ ለስላሳ እንዲሆን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነከር አድርጌ በወረንጦ ዘርግቼ በአጉሊ መነጽር እቆጥራለሁ፣ ከዛ ቀንና የዕቃ ቁጥር ጽፌ ፖስታ ውስጥ አስቀምጣለሁ። ፖስታዎቹ ናቸው ነገ የሚመሰክሩላችሁ። ሰው ግን ቆዳውን እንደ ቆሻሻ ይጥለዋል፣ በጣም ያናድደኛል።

ሁሉም ጊንጥ ይሄን የሚችል የሚመስላቸውም አሉ። በዓለም ላይ ስም የተሰጠው ጊንጥ ከ2,500 ዝርያ በላይ ነው፣ ያለ ወንድ ይወልዳሉ ተብለው የተመዘገቡት ግን በጣም ጥቂት ናቸው። ታዋቂዋ የብራዚሏ ቢጫ ጊንጥ ቲቲየስ ሰሩላተስ ናት፣ ማቲሴን የተባለ ተመራማሪ በ1962 እ.ኤ.አ. ነው የዘገበው። እሷም ብትሆን በኋላ ወንድ ያለባቸው አካባቢዎች ተገኝተዋል። ሊዮኬለስ አውስትራላሲየ የምትባል የእስያና የፓሲፊክ ደሴቶች ጊንጥም አለች። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ምዕራብ አፍሪካ ያለችው ሆተንቶታ ሆተንቶታ ናት፣ ምክንያቱም የሆተንቶታ ወገን የሆኑ ዘመዶቿ እኛም አገር አሉ። ዘመድ ስለሆኑ ይችላሉ ማለት አይደለም፣ ግን መሞከር ተገቢ ነው፣ እኔም የምደክመው ለዚህ ነው።

ደሴ ያላችሁ፣ ብርዱን ረሳችሁት። ከተማው 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ፣ ጊንጦቹን ያመጣችሁበት ቆላ ደግሞ ከዚህም በታች። የቆላ ጊንጥ ደሴ ሆጤ ሰፈር ውስጥ ሲሚንቶ ወለል ላይ ስታስቀምጡ ትቀዘቅዛለች፣ አትበላም፣ አታድግም፣ እርግዝናውም ይረዝማል። አንድ ወዳጄ ጋ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳያድጉ የቆዩ አይቻለሁ፣ እሱ ዝርያው ድንክ መስሎት ነበር። ዕቃውን በአንድ ጎኑ ብቻ አሙቁት፣ ሲበዛባት ወደ ቀዝቃዛው ጎን እንድትሄድ።

የወለደችን እናት ለፎቶ ብላችሁ አትነካኩ፣ ስትጨነቅ ልጆቿን ትበላለች። እንቁላሏን የምትፈልጉም አላችሁ፣ ጊንጥ እንቁላል አትጥልም፣ ህያው ልጅ ነው የምትወልደው። ስለ እፉኝት እንደሚወራው ልጆቿ ሆዷን ቀደው ይወጣሉ የሚለውም ውሸት ነው፣ እናትየው ወልዳ በደንብ ትኖራለች።

ምግብ ላይ፣ መርዝ ከተነፋበት ቤት የተያዘ በረሮ አትስጡ። ቆዳ ልትጥል ስትል ደግሞ ፌንጣውን አውጡላት፣ ገና ልስልስ ሳለች ፌንጣው ራሱ ይበላታል። ሐሰተኛ ብር የሚለይበት ሐምራዊ መብራት ማታ ስታበሩባት አረንጓዴ ሆና ታበራለች፣ አዲስ ቆዳ ለውጣ ገና ያልጠነከረች ከሆነች ግን አታበራም፣ "ሞታለች" ብላችሁ እንዳትደነግጡ። መብራቱን ለረጅም ሰዓት አትተዉባት።

ልጅ ያለበት ቤት ውስጥ ቁልፍ የሌለው ቦታ ላይ የምታስቀምጡ፣ እባካችሁ። መቆንጠጫዋ ቀጭን፣ ጅራቷ ወፍራም የሆነችዋ ናት በጣም የምትፈራው፣ ቆላችን ውስጥ ደግሞ ፓራቡተስ የሚባለውን የጊንጥ ወገን የመሰሉ እንዲህ ያሉ አሉ። ህፃን ከነደፈች መብጣት፣ ማሰር የለም፣ ቀጥታ ሆስፒታል።

ሲሰለቻችሁም የትም አትልቀቁ። የብራዚሏ ጊንጥ ከተማ ለከተማ የተስፋፋችው አንዷ ብቻዋን ስለምትበቃ ነው፣ ከጭነት ጋር አንዲት ሴት ከገባች ሰፈሩን ትሞላዋለች። እናንተ የያዛችኋት እንደዛ ያለች መሆን አለመሆኗን ገና አላወቃችሁም። እኔ የማላቆያትን ሰኞ ባቲ ገበያ ስወርድ ይዣት ሄጄ የያዝኳት ድንጋይ ስር እመልሳታለሁ፣ የቦታው ስም ዕቃው ላይ ተጽፎ ስለሚቆይ አይጠፋኝም።