የፈረንሳይ ንጉሥ አምባሳደር አድርጎ ቢሾምህ ገንዘቡን ከየት ታመጣለህ?

ሥራዬ ሂሳብ ነው። ውሎ አበል ሳሰላ፣ ከመስክ የተመለሰን ሰው «ደረሰኙስ?» እያልኩ ስጨቀጭቅ ነው የኖርኩት። ታሪክ ሳነብም ዓይኔ ከስምምነቱ ይልቅ ወደ ኪሱ ይሄዳል። እንግዲህ አንተ በ16ኛው ወይም በ17ኛው ክፍለ ዘመን የምትኖር ፈረንሳዊ ባላባት ነህ እንበል። ንጉሡ ወደ ውጭ ሊልክህ ነው። (ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ፣ ደመወዙን ተማምነህ እንዳትነሳ። የፈረንሳዩ ንጉሥ ቀዳማዊ ፍራንሷ በ1523 የመንግሥቱን ገቢ ወደ አንድ ማዕከላዊ ግምጃ ቤት ሰብስቧል። በወረቀት ላይ ያምራል። ጦርነት ሲመጣ ግን ወታደር ይቀድማል። በዚያ ዘመን ደግሞ ጦርነት መቼ ጠፍቶ! ወታደር ካልተከፈለው ያምፃል፤ አንተ ደብዳቤ ነው የምትጽፈው። ስለዚህ ለጉዞ፣ ለፈረስና ለቤት ዕቃ የሚሆን ቅድሚያ ክፍያ ሳትቀበል ንቅንቅ አትበል። ወንድምህን ወይም የምታምነውን ሰው ደግሞ ቤተ መንግሥቱ አጠገብ ተው፤ የገንዘብ ሹሞቹን ደጅ ይጥናልህ።

ከተቻለ ንጉሡ ገዳም እንዲሰጥህ ለምነው። እውነቴን ነው! ንጉሡ በ1516 ከጳጳሱ ጋር በተስማማው መሠረት ጳጳሳትንና የገዳም አለቆችን የሚያጨው እሱ ነው። የገዳሙ መሬት ገቢ፣ ግምጃ ቤቱ ቢደርቅም ይመጣል። ከእኛ ጉልት ጋር ይመሳሰላል፤ ንጉሡ ከካዝናው ሳያወጣ ያበላሃል። ከአምባሳደሮቹ ብዙዎቹ ቄሶች የሆኑበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በቬኒስና በቁስጥንጥንያ ያገለገለው ፍራንሷ ደ ኖአይ የዳክስ ጳጳስ ነበር።

ገዳም ካጣህ ሊዮን ወደምትባለው የፈረንሳይ ከተማ ሂድ። በዓመት አራት ጊዜ ትልቅ ገበያ ይቆማል፤ ጣሊያናውያን ባንከሮች ሞልተዋል። በምትሄድበት ከተማ የሚመነዘር የሐዋላ ወረቀት ይጽፉልሃል። የምንዛሬውን ተመን ቀድመህ ጠይቅ፤ ልዩነቱ ካንተ ኪስ እንዳይወጣ።

ብድር ላይ ጠንቀቅ በል። ሚሼል ደ ካስቴልኖ ከ1575 እስከ 1585 ለንደን አምባሳደር ነበር። ቤቱ እንግዳ አይጠፋውም፤ ፈላስፋው ጆርዳኖ ብሩኖ ሳይቀር እሱ ዘንድ ኖሯል። ሰውየው ዕዳ ውስጥ ተዘፈቀ። ወደ አገሩ ሲመለስ ደግሞ ዕቃውን የባሕር ወንበዴ ዘረፈው።

ከሁሉ የከፋው ግን የኦቶማን ቱርኮች ዋና ከተማ ቁስጥንጥንያ (የዛሬዋ ኢስታንቡል) ነው። እዚያ ያለ ስጦታ በር አይከፈትም፤ አበዳሪም አይጠፋም። በ1620 አካባቢ ሥራ የጀመረው የሴዚ ኮንት ፊሊፕ ደ አርሌ እስከ አንገቱ ተበደረ። በ1631 ማርሽቪል የሚባል ተተኪ ተላከ፤ ሴዚ ግን አበዳሪዎቹ ስለያዙት መውጣት አልቻለም። በ1634 ኦቶማኖች ማርሽቪልን አባረሩት። ሥራውን ማን ተረከበው? ያው ባለዕዳው! ዕዳውን ለመክፈል በምሥራቁ የሚነግዱት ፈረንሳውያን ላይ ቀረጥ ተጣለ። የፈረንሳይ ወደብ የማርሴይ ነጋዴዎች ሳይበደሩ ከፈሉ። እኔ ብሆን ከነጋዴዎቹ ጋር ቀድሜ እስማማ ነበር፤ ጥበቃህን የሚፈልጉት እነሱ ናቸው። ኋላም የማርሴይ ንግድ ምክር ቤት ለኤምባሲው ወጪ ቋሚ ድርሻ ይከፍል ነበር።

በየብስ የምትጓዝ ከሆነ ሀብትህን አታሳይ። ለ ኗር ዱ ሩል ወደ ታላቁ ኢያሱ ተልኮ ሲጓዝ ስጦታ ጭኖ ነበር። በ1705 በዛሬዋ ሱዳን፣ ሰናር ላይ ተገደለ፤ ጎንደርን አላየም።

አሁን ወደ ሂሳብ ማወራረዱ እንምጣ። የሻማ፣ የፖስታ፣ የመልእክተኛ ወጪ ሁሉ ይመዝገብ። ሰላይ ግን ደረሰኝ አይሰጥም። ለዚህ መላ አለ። ንጉሡ «ገንዘቡ ምን ላይ እንደዋለ አውቃለሁ» ብሎ ከፈረመ፣ የሂሳብ መርማሪዎቹ አፋቸውን ይይዛሉ። እንዲህ ያለ ፊርማ እኔ ጠረጴዛ ላይ ቢመጣ ደሜ ይፈላ ነበር። አንተ ግን አስፈርም፤ ደግሞ ገንዘቡን ከመስጠትህ በፊት።

ስትሰናበት የአስተናጋጁ ንጉሥ የወርቅ ሰንሰለት ይሸልምህ ይሆናል። አመስግነህ ተቀበል፣ አስመዝነው፣ ከዚያ አበዳሪህን ጥራ።