የመንሱርን የሜዳ አህያ ገልብጦ ለመሣል

በ1621 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ቱርኮች ከሐበሻ አገር ያመጡት አንድ የሜዳ አህያ በህንድ በሙጋሉ ንጉሥ በጃሃንጊር ፊት ቀረበ። መስመሮቹን ሰው በቀለም የቀባቸው የመሰላቸው ነበሩ፤ እንስሳው በደንብ ከተፈተሸ በኋላ ነው የፈጣሪ ሥራ መሆኑ የታመነው። ንጉሡ “የዘመኑ ድንቅ” የሚል ማዕረግ የሰጠው ኡስታድ መንሱር ሣለው፤ ሥዕሉም ዛሬ በለንደኑ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል። አንድ እንስሳ፣ ባዶ መደብ፣ ጥቂት ቀለም፦ ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ መልመጃ አላውቅም።

መጀመሪያ ወረቀቱን አዘጋጁ፤ ህንዶቹ ወስሊ ይሉታል። ሦስት ወይም አራት ስስ ወረቀቶችን በዱቄት ማጣበቂያ አነባብሩ፣ አየሩን ከመሃል ወደ ጠርዝ ግፉት፣ ከዚያም እስኪደርቅ ከባድ መጻሕፍት ጫኑበት። የጥንቶቹ ሠዓሊዎች፣ ነፍሳት እንዳይበሉት፣ ማጣበቂያው ላይ ኮፐር ሰልፌት ይጨምሩ ነበር። መርዝ ነውና ልጆች ባሉበት ቤት ይቅርባችሁ።

ንድፉን ለማስተላለፍ በስሱ የተፋቀ የሜዳ ፍየል ቆዳ በመርፌ ይበሱና የከሰል ዱቄት በጨርቅ ቋጥረው ይመቱበት ነበር። ለእናንተ ብርሃን የሚያሳልፍ ወረቀትም ይበቃል። መስመሩን በቀጭኑ አጥርታችሁ ሣሉት፣ በላዩም የሳሳ ነጭ ቀለም ደርቡበት።

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ፦ መወልወል። እነዚህ ሥዕሎች የሚያበሩት ቫርኒሽ ተቀብተው አይደለም። ወረቀቱ በፊቱ ተደፍቶ ጀርባው ገጹ በለሰለሰ ጠንካራ ድንጋይ፣ በተለይ በአጌት ስለሚታሽ ነው። ነጩ ሲደርቅ፣ ከዚያም ቀለም በተደረበ ቁጥር ይደገማል።

የመጀመሪያው ሥዕሌ የተበላሸው ከፊት በኩል ስላሸሁት ነው፤ ጥቁሩ ነጩን አጥቁሮት አህያው ጭስ መሰለ። ሁለተኛውን ገለበጥሁት፤ ግን የደፋሁት በምግብ ጠረጴዛችን ላይ ነበር፤ ቢላዋ የጫረው እንጨት ሆዱ ላይ እንደ ጠባሳ ታተመ። ሦስተኛውን መስታወት ላይ ደፍቼ፣ በደስታ አሽቼ፣ ሳነሣው ሁለቱም ጆሮዎች መስታወቱ ላይ ቀሩ። ቀለሙ ውስጥ የግራር ሙጫ አንሶት ነበር።

ስለዚህ ቁራጭ ወረቀት ላይ ሞክሩት። የደረቀው ቀለም በጣት ሲታሽ ከለቀቀ ሙጫ ጨምሩ፤ ከተሰነጠቀ በዝቷል፣ ቀለም ጨምሩበት። ቀለሙን በቀጭን ደጋግሙት እንጂ በአንድ ጊዜ አታወፍሩት።

ብሩሽን በተመለከተ፣ “ባለ አንድ ፀጉር ብሩሽ” የሚባለው የተጋነነ ወሬ ነው። የሽኮኮ ጅራት ፀጉሮች ተሰብስበው የወፍ ላባ ዘንግ ውስጥ ይገባሉ፤ አንድ የሚሆነው ጫፉ ብቻ ነው። እኔ የሠራሁት ተራ በሆነ ቀጭን የውኃ ቀለም ብሩሽ ነው፤ ለውድ ብሩሽ ገንዘባችሁን አታባክኑ፤ ለድንጋዩ አውጡት።

መስመሮቹን በአንድ ስበት ለመጨረስ አትሞክሩ፤ አጫጭር የፀጉር ጭረቶችን በሰውነቱ ቅርጽ ተከትላችሁ ደራርቡ። አንገት ላይ ስትደርሱ አቅጣጫው ይቀየራል፤ እዚያ ቸኩሎ ያለፈ ሰው አህያውን ፒጃማ ያለብሰዋል።

በመጨረሻ ገልብጣችሁ አንድ ጊዜ በቀስታ እሹትና ተዉት። ጃሃንጊር እንስሳው ከየት እንደመጣና ማን እንደሣለው በገዛ እጁ ሥዕሉ ላይ ጽፎበታል። እኔ ያን ቦታ ባዶ ትቼ ቀኑንና “አራተኛ ሙከራ” የሚለውን በእርሳስ ጻፍሁበት።