የተከራየሁት ፓርኪንግ ተይዞ የተቀጣሁትን ብር እንዴት እንዳስመለስኩ

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ፣ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ በወር የምከፍልበት ቁጥር ያለው ፓርኪንግ አለኝ። ማታ ስገባ ሌላ መኪና ቆሞበታል። ባለቤቱ አይታወቅም። ውጭ አስፋልት ዳር አቆምኩ። ጠዋት ታርጋዬ ተፈቷል፣ የቅጣት ወረቀትም ተጽፎልኛል።

የኪራይ ውሌን ይዤ ትራፊኮቹ ጋ ሄድኩ። አልሠራም። እውነት ለመናገር፣ እነሱ የሚያዩት መኪናው የቆመበትን ቦታ እንጂ ምክንያቱን አይደለም። ጥበቃውን ጠየቅኩ፤ «እኔ ምን ላድርግ ጋሼ?» አለኝ። የግቢው ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ጻፍኩ። «አይዞህ» ብቻ በዛ።

የሠራው ይሄ ነው። ቅጣቱን ከፍዬ ታርጋዬን ወሰድኩ። ክርክሩን ወደ አከራዩ፣ ማለትም ወደ ማኅበሩ ኮሚቴ አዞርኩት። በጽሑፍ አመለከትኩ። ውሉን፣ ኪራይ የከፈልኩበትን የቴሌብር መልእክትና የቅጣቱን ደረሰኝ አያያዝኩ። ከሁሉም የጠቀመኝ ግን የዚያን ማታ ፎቶ ነው። የቦታው ቁጥርና የሰውየው ታርጋ አንድ ላይ ይታያሉ። ታርጋ ብቻ ከሆነ «የት እንደቆመ በምን እናውቃለን?» ይሏችኋል። በቴሌግራም ስትልኩት እንደ ፋይል ላኩት፤ እንደ ፎቶ ከሄደ የተነሳበት ሰዓት ከውስጡ ይጠፋል።

ማመልከቻው ሁለት ኮፒ ይሁን። እኔ ጋ በቀረው ላይ ማህተም አስመታሁ። በቃል የነገርኳቸውን ሁሉ ረስተውት ነበር፣ ማህተም ያለበትን ግን አልረሱም። የቅጣቱን ብር ከቀጣዩ ኪራዬ ላይ ቀነሱልኝ። ከሰውየው መቀበል የእነሱ ፋንታ ነው።

አሁን ቦታው ላይ የሚቆለፍ ብረት አስተክያለሁ። መለዋወጫ ቁልፉ ጥበቃው ጋ አለ።