ኅዳር ሲታጠን፦ የግቢ ቅጠል ምን ይደረግ?

ኅዳር 12 ቀን ግቢ ጠርጎ ማቃጠል ከ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ጋር የተያያዘ የቆየ ልማድ ነው። ዛሬ ግን ከቅጠሉ ጋር ፌስታል፣ ሃይላንድና አሮጌ ጫማ አብሮ ይነዳል፤ ጭሱን የሚተነፍሱት ደግሞ የጎረቤት ሕፃናትና አስም ያለባቸው ሰዎች ናቸው። አዋጅ ቁጥር 300/1995 አካባቢን መበከል ስለሚከለክል፣ ከመለኮስ በፊት ወረዳችሁን ጠይቁ። አይቻልም ከተባለ አይቻልም።

መጀመሪያ ለዩ። ሃይላንድና ብረት ለቆራሌው ይሰጥ፤ ፌስታል፣ ጎማ፣ ባትሪና ቀለም የተቀባ እንጨት እሳት አይንካቸው። የፍሊት ቆርቆሮ ሲግል ይፈነዳል፣ ክምሩን ገልብጣችሁ ፈትሹ።

ቅጠሉን ከማቃጠል መቅበር እጅግ ይሻላል። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ጉድጓድ ቆፍሩ፤ 20 ሳንቲ ሜትር ደረቅ ቅጠል፣ በላዩ 10 ሳንቲ ሜትር የአትክልት ልጣጭና እርጥብ ሣር፣ ከዚያ ስስ አፈር እያደረጋችሁ ደርድሩ። ውሃ አርከፍክፉ፤ በየሦስት ሳምንቱ አገላብጡት። ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ጥቁር፣ የአፈር ሽታ ያለው ኮምፖስት (የተፈጥሮ ማዳበሪያ) ይሆናል። ከሸተተ ውሃው በዝቶ አየር አጥቷል፤ ደረቅ ቅጠል ጨምሩና አገላብጡ። ውስጡ ካልሞቀ ደርቋል ወይም እርጥብ ነገር አንሶታል። የባሕር ዛፍና የጽድ ቅጠል ቶሎ ስለማይበሰብስ ጥቂት ብቻ አግቡ። ክረምት ላይ በላስቲክ ሸፍኑት።

ወረዳው ከፈቀደና ማቃጠል የግድ ከሆነ፣ ከግድግዳ፣ ከአጥርና ከቆርቆሮ ጣሪያ ቢያንስ አምስት ሜትር ራቁ፤ ከላይ የመብራት ሽቦ አይኑር። አራዳና ልደታ ውስጥ ቤቶቹ በተያያዙበት ግቢ ይህ ቦታ አይገኝም፣ ስለዚህ እዚያ አትለኩሱ። ክምሩ ከጉልበት አይብለጥ፣ ዙሪያው አንድ ሜትር ይጠረግ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃና አካፋ አጠገባችሁ ይኑር። ማለዳ ብርዱ ጭሱን መሬት ላይ ያስቀረዋል፣ ከሰዓት ነፋሱ ፍንጣሪ ይበትናል፤ ከረፋዱ 4 ሰዓት አካባቢ ይሻላል። እርጥብ ቅጠል ጭስ ብቻ ነው፣ አስቀድሞ ይድረቅ። ቤንዚን በፍጹም አታርከፍክፉ፤ ትነቱ ነው ፊት ላይ የሚነደው።

ስታጠፉ ውሃ አፍስሱ፣ በአካፋ አገላብጡ፣ ደግማችሁ አፍስሱ። የእጃችሁን ጀርባ አስጠግታችሁ ሙቀት ከተሰማችሁ ገና ነው። ለብ ያለ አመድ ጆንያ ውስጥ ገብቶ ሌሊት እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል እስከ ማግሥቱ እዚያው ይቆይ። እሳቱ ካመለጣችሁ ራሳችሁ ስትታገሉ ጊዜ አትፍጁ፤ አዲስ አበባ ከሆናችሁ ወዲያው ወደ እሳት አደጋ 939 ደውሉ፣ ሰፈሩን በሚታወቅ ምልክት ንገሯቸው፣ አንድ ሰው መንገድ ላይ ወጥቶ መኪናውን ይምራ።