ሪከርዱ ያማረ፣ ዙሩ ያነሰ፦ የጀማሪ ከባድ ሚዛን ቦክሰኞች ስህተቶች

ልጁ አስር ጊዜ ገጥሞ አስሩንም በዝረራ አሸንፏል። ፕሮሞተሩ ፖስተር ለጥፏል፣ የሰፈር ልጆች «ሻምፒዮን» ይሉታል። እኔ ደግሞ እንደ ልማዴ ደስታ ላበላሽ፦ ስንት ዙር ተፋለመ? ብዙ ጊዜ ሁሉም ተደምሮ የአንድ ሻምፒዮና ግጥሚያን 12 ዙር ቢሞላ ነው።

ዋናው ስህተት ይሄ ነው፣ መናገሩም ሰልችቶኛል። አብዛኞቹ ተጋጣሚዎች ክፍያቸውን ይዘው ሊሄዱ የመጡ ናቸው። ልጁ ግን ቀኝ እጁ ተአምር የሚሠራ ይመስለዋል። ጃቡን (በፊተኛው እጅ የሚሰነዘረውን ፈጣን ቀጥታ ቡጢ) ይረሳል፣ ትንፋሽ መቆጠብ አይማርም፣ ተቃቅፎ ማረፍ አይማርም፣ ክንዱ ሲዝል ምን እንደሚያደርግ አያውቅም፤ ምክንያቱም ዝሎ አያውቅም። ጂም ውስጥ እንዲህ ያለውን ልጅ ወዲያው ትለየዋለህ። ቀኙን ይሰነዝርና ቆሞ የመታውን ያያል። ግራ እጁ ደረቱ ላይ ወርዷል፣ አገጩ ወደ ላይ ተቀስሯል። የልምምድ ከረጢቱ መልሶ ስለማይመታ ጥፋቱን የሚነግረው የለም።

«ታይሰንስ?» ይሉኛል። ታይሰን በ1985 (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው) 15 ጊዜ ገጥሞ ሁሉንም በዝረራ አሸንፏል፣ እውነት ነው። ቀጥሎ የመጣውን ግን ማንም አያነሳውም። በሜይ 1986፣ በአንድ ወር ውስጥ፣ ከጄምስ ቲሊስና ከሚች ግሪን ጋር አስር አስር ዙር ሄዶ ሁለቱንም በነጥብ ነው ያሸነፈው። የዓለም ሻምፒዮንነት ቀበቶውን የወሰደው ከዚያ በኋላ ነው፣ በኖቬምበር።

ያልተሳካለትን ማየት ከፈለግህ ደግሞ እንግሊዛዊው ዴቪድ ፕራይስ አለልህ። የቤጂንግ ኦሎምፒክ ነሐስ ተሸላሚ፣ 15 ጊዜ ገጥሞ አንዴም ያልተሸነፈ። በ2013 መጀመሪያ በገዛ ከተማው በሊቨርፑል የ41 ዓመቱ ቶኒ ቶምፕሰን በሁለተኛው ዙር ጣለው። እሺ፣ ይሄ በማንም ይደርሳል። ግን በአምስት ወሩ መልስ ግጥሚያ ገቡ። ይሄ ነው ሁለተኛው ስህተት፣ ቁጭት ሳይበርድ መመለስ። ፕራይስ በሁለተኛው ዙር ቶምፕሰንን መሬት አስነካው፣ ሰውየው ተነሳ፣ የፕራይስ ጉልበት አለቀ፣ በአምስተኛው ዙር ዳኛው አስቆመው።

ክብደት። ከባድ ሚዛን ከ90.7 ኪሎ በላይ ነው፣ ጣሪያ የለውም፤ ስለዚህ ያገኘኸውን ብላ ማለት አይደለም። አንዲ ሩዊዝ በጁን 2019 ሻምፒዮኑን አንቶኒ ጆሹዋን አሸንፎ ዓለምን ጉድ አሰኘ፣ በዲሴምበር ለመልሱ ሰባት ኪሎ ያህል ጨምሮ መጣ፣ ቀበቶዎቹን አስረክቦ ሄደ።

ሽንፈት ሲመጣ «አበቃለት» ማለትም የጀማሪ ወሬ ነው። ዳንኤል ዱቧ በ2020 ከጆ ጆይስ ጋር ሲገጥም በጃብ ብዛት የዓይኑ ዙሪያ አጥንት ተሰብሮ ተንበረከከ። ፈሪ ተባለ። በአጥንቱ ቀልድ የለም፤ የዓይንህን ብርሃን ከምታጣ መንበርከክ ይሻላል። በ2024 ዌምብሌይ ላይ ጆሹዋን በአምስተኛው ዙር ዘረረው።

ስፓሪንግ (የልምምድ ፍልሚያ) ላይ በየቀኑ ጦርነት አትክፈት። ሌላ የምጨምርበት የለም።

ውሉን ደግሞ አንብብ ወንድሜ! የማናጀሩ ድርሻ እስከ ሲሶ ሊደርስ ይችላል፣ የአሰልጣኙ አስር በመቶ የተለመደ ነው። የስፓሪንግ ተጋጣሚዎች ክፍያ፣ ሆቴልና ሕክምና ከማን ኪስ እንደሚወጣ በጽሑፍ ይቀመጥ። የውሉ እንግሊዝኛ ከከበደህ ጠበቃ ይዘህ ግባ፤ «እንደ ልጄ ነው የማየው» የሚልህ ሰውዬ ጠበቃ ሲያይ ፊቱ ከተለዋወጠ ብዕሩን አትንካ።