ጦሳ ላይ ወጥቶ ደሴን ለማየት

ጦሳን ለመውጣት ያሰበ እንግዳ ከተራራው አስቀድሞ ከተማውን ቢጎበኝ ይሻለዋል፤ የቱ ግቢ የማን እንደነበረ ላላወቀ ሰው ከላይ የሚታየው የቆርቆሮ ጣሪያ ብቻ ነውና።

ጠዋት በአይጠየፍ አዳራሽ ይጀምሩ። ንጉሥ ሚካኤል ግብር ያበሉበት ይህ ሰፊ አዳራሽ፣ በ1906 ዓ.ም. የወሎና የትግራይ ንጉሥ ሆነው ዘውድ የጫኑትና ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ተሸንፈው የተማረኩት እኒህ ሰው የነበራቸውን ኃይል በግልጽ ያሳያል። ከዚያ በደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ ወደተቋቋመው የደሴ ሙዚየም ይለፉ፤ ክፍት መሆኑን ግን አስቀድመው ይጠይቁ።

ጦሳ ከከተማው በስተምዕራብ ስለሆነ ጠዋት ፀሐይ ዓይን ትወጋለች፤ ከሰዓት በኋላ ግን ከጀርባ ሆና ከተማውን ታበራለች። ደሴ ራሷ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ከቆላ የመጣ ሰው ቶሎ ይደክመዋልና ቀስ ብለው ይውጡ። መንገዱን የሚያውቅ የአካባቢውን ወጣት ይዘው፣ ዋጋውንም ከመነሳትዎ በፊት ተስማምተው ይሂዱ። ሐምሌና ነሐሴ ጭጋጉ ምንም ስለማያሳይ፣ የደሴ ዳገትም በዝናብ ጊዜ በመንሸራተት የታወቀ ስለሆነ፣ በእኔ እምነት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ ይመረጣል።

ከላይ ሲደርሱ ፊትዎን ወደ ምሥራቅ ያድርጉ። ከተማው በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል ተጨምቆ፣ የቦርከና ወንዝም ወደ ደቡብ ሲወርድ ይታያል። አፄ ዮሐንስ 4ኛ እዚህ ሰፍረው ሳለ ባለ ጭራ ኮከብ አይተው በመደነቅ ከተማውን እንደቆረቆሩ ይነገራል። በሰሜን አቅጣጫ በ1870 ዓ.ም. የሃይማኖት ጉባኤ የተካሄደበት ቦሩ ሜዳ አለ። በደቡብ ምሥራቅ ደግሞ መንገዱ በሀረጎ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ይወርድና በባቲና በሚሌ አድርጎ ወደ አሰብ ወደብ ያመራል።

የሸለቆውን ጥበት ግን ረጋ ብለው ይመልከቱት። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያ አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ ቦምቡ የወረደው በዚህ በታጨቀ መንደር ላይ ነበር፤ በከተማው የነበሩት አፄ ኃይለ ሥላሴም ራሳቸው መትረየስ ይዘው ወደ አውሮፕላኖቹ ተኩሰዋል።

ለመመለስ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይነሱ፤ ምርኩዝ መያዝም ከመውጣት ይልቅ ለመውረድ ይጠቅማል።